ችሎታና ጉዳት በአንድ ሚዛን፤ ከአበበ ቢቂላ እስከ ታምራት ቶላ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ሰው ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከወረደና ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱን ከጨረሰ በኋላ የሚቀበለው ከተማ ደጀን ነው። በአንጻሩ ከደጀን ተነሥቶ ወደ ወንዙ የሚያዘቀዝቅ ጭነት መኪና ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። በዚህ መንገድ የሠለጠነ ሾፌር ሁለት ነገሮችን ለይቶ ያውቃል፤ ሽቅብ ሲወጣ የሚያኮራው የሞተሩ ጉልበት ነው፤ ቁልቁል ሲወርድ ግን የሚያድነው ፍሬኑ ነው። ፍሬኑንም አንዲት ኩርባ ብቻዋን አታበላሸውም፤ የሚያበላሸው በየኩርባው የሚጠራቀመው ግለት ነው። ስለዚህ ብልኅ ሾፌር ማርሹን ቀንሶ ይወርዳል፤ ሲያስፈልግም ቆሞ ያበርደዋል።

ስለ ሰው ልጅ ጉልበትም የሚነሣው ጥያቄ ከዚህ የራቀ አይደለም። አንድን ስፖርተኛ ለረጅም ዘመን በውል የሚያስር ክለብ ወይም ለታላቅ ውድድር የሚመርጥ ፌዴሬሽን ሁለት ሚዛኖች በፊቱ ይቀርቡለታል። የመጀመሪያው «ምን ያህል ይችላል?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «ምን ያህል ይቆያል?» የሚለው ነው። የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሩጫ ታሪክ እነዚህን ሁለት ሚዛኖች አነጻጽሮ ለመመርመር የሚበቃ ማስረጃ ያቀርባል።

አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ ከአራት ዓመት በኋላ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ ሕመም ደረሰበት። ውድድሩ አምስት ሳምንት ያህል ሲቀረው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በዚያን ጊዜ በጥንቃቄ ስም ከቡድኑ ቢያስቀሩት ኖሮ ውሳኔው ብዙ ተቃዋሚ ባላገኘ ነበር። ይሁን እንጂ አበበ ወደ ቶኪዮ ሄደ፤ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ፈጽሞ የዓለምን ክብረ ወሰን አሻሻለ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ባዚል ሂትሊ የደረሰው ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በሜክሲኮ ከተማ በተደረገው ኦሊምፒክ፣ ይኸው ሰው በእግሩ ላይ ጉዳት ይዞ ተሰለፈ። ነገር ግን 17 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሮጠ ለማቋረጥ ተገደደ። ለኢትዮጵያ ወርቁን ያመጣው የቡድን ጓደኛው ማሞ ወልዴ ሲሆን፣ ርቀቱን የጨረሰው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሴኮንድ ነበር። ማሞ ከዚያ አስቀድሞ በዚያው ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር የብር ሜዳልያ አግኝቷል።

ሁለቱ ውሳኔዎች በመልካቸው አንድ ናቸው፤ በሁለቱም ጊዜ ባለ ታላቅ ችሎታው ሰው ታሞ ሳለ ተመርጧል። ፍሬያቸው ግን ተለያየ። ልዩነቱን ለዕድል ብቻ ሰጥቶ ማለፍ አይገባም፤ ምክንያቱ ከጉዳቱ ዓይነት ይገኛልና። ትርፍ አንጀት ከሩጫ ሥራ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ቁስሉ ከዳነ በኋላ እግር፣ ልብና ሳንባ እንደ ነበሩ ናቸው። የእግር ጉዳት ግን የሚደርሰው ሥራው ራሱ በሚጫነው አካል ላይ ነው፤ ሯጩ ወደ ሥራው በተመለሰ ቁጥርም ጉዳቱ አብሮት ይመለሳል።

ይህን ነገር መሐንዲሶች ከብረት ተምረውታል። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀርመናዊው አውጉስት ዎህለር የባቡር ጎማ ዘንጎች ለምን እንደሚሰበሩ ሲመረምር፣ አንድ ጊዜ ቢያርፍበት ዘንጉን ከቶ የማይሰብረው ጭነት እጅግ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም እንደሚሰብረው አረጋገጠ። ይህ የብረት ዝለት ይባላል። ማራቶን የሚሮጥ ሰው በአንድ ውድድር ብቻ ከ20 ሺህ በላይ እርምጃ ይራመዳል፤ በእያንዳንዱ እርምጃም እግሩ የሰውነቱን ክብደት ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚያህል ኃይል ይቀበላል። በሳምንት 200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚለማመድ ሯጭ የእርምጃው ቁጥር ከ100 ሺህ ያልፋል። ሆኖም አጥንት ከብረት የሚለይበት አንድ ታላቅ ነገር አለ። ብረት የተሰነጠቀውን ራሱ አይጠግንም፤ አጥንት ግን ዕረፍት ካገኘ ራሱን መልሶ ይገነባል። ጅማት ደግሞ የደም ሥሩ ጥቂት በመሆኑ የሚድነው ቀስ ብሎ ነው። እንግዲህ ዕረፍት ለሯጭ የሥራው አንዱ ክፍል እንጂ የስንፍና ምልክት አይደለም ማለት ነው።

የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። በ1993 ዓ.ም. መስከረም ወር በሲድኒ ኦሊምፒክ 10 ሺህ ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በመቶኛ ሴኮንድ ዘጠኝ ብቻ ቀድሞ ሲያሸንፍ የተረከዙ ጅማት ታሞ ነበር። ከድሉ በኋላም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በ1996 ዓ.ም. በአቴና ኦሊምፒክ ሕመሙ ተመልሶበት ሳለ ተሰለፈ። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ታላቅ ወንድማቸውን ለመጠበቅ በመካከሉ ፍጥነታቸውን ቀነሱለት፤ ኃይሌ ግን ሊከተላቸው አልቻለም። ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ ኃይሌ አምስተኛ ወጡ። ያን ቀን የተመለከተ ሰው የኃይሌ ዘመን አለቀ ቢል የሚፈረድበት አልነበረም። ኃይሌ ግን ወደ ማራቶን ተሻግሮ በበርሊን እ.ኤ.አ. በ2007 በ2:04:26፣ በ2008 ደግሞ በ2:03:59 የዓለምን ክብረ ወሰን ሁለት ጊዜ አሻሻለ። በሁለተኛው ጊዜ ዕድሜው 35 ዓመት ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ጉዳት ዛሬ ያለውን ኃይል ሊለካ ቢችልም ነገ የሚገኘውን ግን ብቻውን ሊወስን አለመቻሉ ነው።

ይኸው ጥያቄ በሌላው ዓለም በገንዘብ ሲመነዘር እጅግ ይከብዳል። በአሜሪካ ቤዝቦል ጨዋታ ኳስ ወርዋሪው በየጨዋታው ክንዱን በሙሉ ኃይል ደጋግሞ ስለሚወነጭፍ የክርኑ ጅማት ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ የተባሉ ሐኪም ቶሚ ጆን ለተባለ ወርዋሪ ከሌላው ክንዱ ጅማት ወስደው በተጎዳው ክርኑ ተከሉለት። ጆን በ1976 ወደ ሜዳ ተመልሶ እስከ 1989 ተጫወተ። በዘመኑ ካገኛቸው 288 ድሎች ውስጥ 164ቱ የተገኙት ከሕክምናው በኋላ ነው። በሌላ በኩል የዋሽንግተን ክለብ እ.ኤ.አ. በ2019 ስቲቨን ስትራስበርግን የሰባት ዓመት የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል አስፈረመው። ወርዋሪው በዚያው ዓመት በፍጻሜው ግጥሚያ የኮከብነት ሽልማት የተቀበለ ስለ ነበር ችሎታው አላጠራጠረም። ከፈረመ በኋላ ግን በጉዳት ምክንያት ስምንት ጨዋታ ብቻ ወርውሮ በ2024 ሜዳውን ተሰናበተ። ችሎታው በትክክል ተመዝኗል፤ ዘላቂነቱ ግን ከግምት ውጪ ሆነ።

ከዚህም ጋር መታየት የሚገባው ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ነገር ነው። በቤዝቦሉ ውል ክፍያው የተረጋገጠ ስለሆነ ሸክሙ በክለቡ ትከሻ ላይ ያርፋል። አበበና ማሞ የክብር ዘበኛ ባልደረቦች ነበሩ፤ ደመወዛቸውም የወታደር ደመወዝ ነበር። አበበ በ1961 ዓ.ም. መጋቢት ወር በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሲሆን ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተልኳል። በዛሬው የሩጫ ዓለም ግን የጫማ ኩባንያዎች ውል ሯጩ በዓመት የተወሰነ ውድድር ካላደረገ ክፍያውን የሚቀንስ አንቀጽ መያዙ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው አንቀጽ የታመመውን ሰው ወደ ውድድር ይገፋል፤ ትንሹን ስንጥቅም ትልቅ ስብራት ያደርገዋል። ውሉ ራሱ የጉዳት ምክንያት ሲሆን ኩባንያውም ሯጩም ይከስራሉ።

በዚህ ረገድ የፓሪስ ኦሊምፒክ ሌላ መንገድ አሳይቷል። ለ2016 ዓ.ም. የወንዶች ማራቶን ከተመረጡት ሦስት ኢትዮጵያውያን አንዱ በዚያው ዓመት የቦስተን ማራቶንን ያሸነፈው ሲሳይ ለማ ነበር። ሲሳይ በጉዳት ምክንያት ሲወጣ ተጠባባቂው ታምራት ቶላ በእግሩ ተተካ። ታምራትም ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. አስቸጋሪ ዳገት ያለበትን ርቀት በ2:06:26 ፈጽሞ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ወርቁን ወሰደ። ደሬሳ ገለታ አምስተኛ ሲወጣ፣ የ42 ዓመቱ ቀነኒሳ በቀለ 39ኛ ሆኖ ጨረሰ። በዚህ ቀን የድሉ ባለቤት ታምራት ቢሆንም፣ የታመመው ሯጭ ቦታውን መልቀቁና የሚተካው ሰው በሙሉ ዝግጅት መጠበቁ ድሉን የሚቻል አድርገውታል። መሐንዲስ ለድልድይ የመጠባበቂያ አቅም እንደሚተው ሁሉ ቡድንም ተጠባባቂውን እንደ ተራ ቁጥር ሊቆጥረው አይገባም።

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ ለክለብና ለፌዴሬሽን ኃላፊዎች ሦስት ነገሮችን ያስገነዝባል። አንደኛ፣ «ታሞ ያውቃል» በሚለው ብቻ ከመፍረድ ይልቅ ሕመሙ ሥራው በሚጫነው አካል ላይ መሆኑንና አለመሆኑን ለይቶ መመርመር ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ በረጅም ውል ውስጥ የዕረፍትና የሕክምና ጊዜ እንደ ደመወዙ ሁሉ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል። ሦስተኛ፣ የኪሳራው ሸክም በአሠሪውና በሯጩ መካከል በትክክል መከፈል አለበት።

ይህ ለባለ ዝናዎቹ ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም። ከደጀን፣ ከብቸና ወይም ከሞጣ ወጥቶ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ለክለብ የሚፈርም ወጣት ሀብቱ ሁለት እግሮቹ ናቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሜዳልያ ለማግኘት ሲባል ያለ ዕረፍት ቢነዳ፣ ክለቡ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ወጣት ያስፈርም ይሆናል፤ ለእርሱ ግን የሚተካለት እግር የለም። በዓባይ ቁልቁለት ፍሬኑን ለማብረድ የቆመ ሾፌር ከጓደኞቹ ጥቂት ሊዘገይ ይችላል፤ ነገር ግን ጭነቱንም መኪናውንም ይዞ ከድልድዩ ይደርሳል።