ጨው ያልነበረው ጓዳ

የአንድን አገር ታሪክ ለማወቅ የነገሥታቱን ስም ዝርዝር ማንበብ ብቻ አይበቃም፤ ጓዳውንም ማየት ያስፈልጋል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነን በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለችው ደሴት አይስላንድ ናት።

ሰዎች በአይስላንድ መስፈር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ874 አካባቢ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ከኖርዌይ በግና ላም ይዘው የመጡ ነበሩ። ሞቃቱ ወቅት አጭር በመሆኑ እህል እንደ ልብ አይበቅልም። የነበረውም ደን ተመነጠረ። ማገዶ ሲጠፋ የባሕር ውሃ አፍልቶ ጨው ማውጣት ከባድ ሆነ። ከ1602 እስከ 1787 ደግሞ የዴንማርክ መንግሥት ንግዱን ለራሱ ነጋዴዎች ብቻ ሰጥቶ ስለነበር፣ የአገሬው ሰው ከፈለገው ነጋዴ እህልና ጨው መግዛት አይችልም ነበር።

ታዲያ ያ ረጅም የበረዶ ወራት እንዴት ታለፈ? በአብዛኛው በሴቶች ሙያ ነው።

በሞቃቱ ወቅት ግልገሎቹ ከእናቶቻቸው ይለዩ ነበር፤ በጎቹን ሴቶች ያልቡ ነበር። ቅባቱ ለቅቤ ይወጣል። የቀረው ወተት ይሞቅና ከቀድሞው ጥቂት እርሾ ተጨምሮበት ይረጋል፣ ከዚያም ይጠለላል። ስኪር የሚባለው ይህ ነው፤ ከእርጎ ጠጠር ይላል። አጓቱም አይደፋም። በበርሜል ተጠራቅሞ ሲኮመጥጥ ሥጋና የሆድ ዕቃ ይዘፈዘፍበታል፤ ኮምጣጣነቱ የጨውን ሥራ ይሠራል። በውሃ ተበርዞም ይጠጣ ነበር። የበግ ሥጋ በራሱ በበጉ በጠጥ ጭስ ይታጠናል። ዓሣ በነፋስ ይደርቅና ቅቤ ተቀብቶ በዳቦ ፋንታ ይበላ ነበር። ለገና የተገኘችው ጥቂት ዱቄት ደግሞ በጣም ስስ ቂጣ ሆና፣ በቢላ ጌጥ ወጥቶላት ትጠበሳለች።

ይህ ሁሉ ሙያ ግን ከብት ሲኖር ነው። በ1783 የላኪ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ለ8 ወር ያህል ሲተፋ መርዛማው ጋዝ ሳሩን በከለው። አብዛኞቹ በጎች አለቁ። በተከተለው ረሃብ ከሕዝቡ አንድ አምስተኛ የሚሆነው ሞተ። ከዚያ የተረፉት ናቸው ጓዳውን እንደገና የሞሉት።

የዚህ ሥራ ዋጋ ጎልቶ የታየው ኦክቶበር 24 ቀን 1975 ነው። በዚያን ዕለት 90 በመቶ የሚሆኑት የአይስላንድ ሴቶች የመሥሪያ ቤቱንም የቤቱንም ሥራ አቆሙ። አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሥራ ሄዱ፤ ለማብሰል ቀላል የሆነው ቋሊማ ከሱቆች አለቀ። በዓመቱ የእኩልነት ሕግ ወጣ። በ1980 ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲር በሕዝብ ድምፅ የተመረጠች የዓለም የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነች።

በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ወጪ እንዳልወጣ ይቆጠራል፤ ያልተመዘገበ ድካምም እንዳልተደከመ ይቆጠራል። የእነዚያ ሴቶች ድካም ለብዙ መቶ ዓመታት በማንም መዝገብ አልሰፈረም፤ አገሩ ግን በእሱ ኖረ። እኛም በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተን ስንሸጥ የምንጽፈው የእህሉን፣ የቅመሙንና የወፍጮውን ወጪ ብቻ ነው። ከእንግዲህ የለቀምንበትን፣ ያጠብንበትንና የቆላንበትን ሰዓትም እንጻፍ። ትርፍ የምንለው ገንዘብ የራሳችን ያልተከፈለ ደመወዝ ሆኖ እንዳይገኝ።