የካማሺ ቀትርና የዓለም ሰዓት

በካማሺ ያላችሁ ልጆች ከትምህርት ቤታችሁ ደጃፍ ቀጥ ያለ በትር ትከሉና ጥላውን ጠብቁ። ጥላው ከሁሉ አጥሮ የሚታየው፥ ማለት እውነተኛው ቀትር የሚሆነው፥ 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ገደማ ነው፤ እንደ ወራቱም ጥቂት ይቀድማል ወይም ይዘገያል። እንግዲህ ሰዓቱ ዋሸን ወይስ ፀሐይ ዘገየች?

ሁለቱም አላጠፉም። ፀሐይ የምትሄድ መስላ ብትታየንም የምትዞረው ምድር ናት፤ በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር ለአንዱ ዲግሪ አራት ደቂቃ ይፈጅባታል። አገራችን በ33ኛውና በ48ኛው ዲግሪ መካከል ስለ ተዘረጋች፥ በኦጋዴን ዳር ቀትር ከሆነ በኋላ በጋምቤላ ዳር ቀትር እስኪሆን አንድ ሰዓት ያህል ያልፋል። የሰዓታችን መለኪያ በኦጋዴን የሚያልፈው 45ኛው ዲግሪ ነው፤ ካማሺ ግን በ36ኛው አጠገብ ናት። የቀሩትን ዘጠኝ ዲግሪዎች በአራት ብታበዙ 36 ደቂቃ ታገኛላችሁ።

ቀድሞ ከተማ ሁሉ የራሱ ቀትር ነበረው። በበቅሎ ለሚጓዝ ሰው ይህ ምንም አላስቸገረም፤ የምድር ባቡር በመጣ ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ። በእንግሊዝ አገር የብሪስቶል ሰዓት ከለንደን 10 ደቂቃ ያህል ወደኋላ ስለ ነበረ፥ በከተማው ሰዓት ተማምኖ የመጣ መንገደኛ ባቡሩ ያመልጠው ነበር።

በ1877 ዓ.ም. በጥቅምት ወር (እንደ አውሮጳውያን በ1884) የ25 መንግሥታት እንደራሴዎች በዋሽንግተን ተሰበሰቡ። 22ቱ የዲግሪው መነሻ በለንደን አጠገብ ባለው በግሪኒች የከዋክብት መመልከቻ እንዲያልፍ ፈቀዱ። ከጥቁር አፍሪቃ የተገኘችው ላይቤሪያ ብቻ ነበረች፤ የቀረው የአህጉራችን ሕዝብ ሳይጠየቅ ሰዓቱ ተለካለት ማለት ነው። ፈረንሳይም ድምፅዋን ሳትሰጥ ቀረች። በ1903 ዓ.ም. (በ1911) ስምምነቱን ስትቀበል እንኳ የግሪኒችን ስም መጥራት ከብዷት፥ በሕጓ ላይ የፓሪስ ሰዓት በ9 ደቂቃ ከ21 ሴኮንድ ይዘግይ ብላ ጻፈች። ይህን ያህል ኩራት በሰዓት ነገር ማየት ያስቃል፤ ነገር ግን የራስን ቀትር ለሌላ መተው ለማንም ቀላል አልነበረም።

ከ1964 ዓ.ም. (ከ1972) ወዲህ የዓለም ሰዓት የሚቆጠረው በአቶም ሰዓቶች ነው። እኛ ከዚህ ሦስት ሰዓት እንቀድማለን፤ ቀኑን ከንጋት ስለምንቈጥር ደግሞ ቍጥራችን ከውጭ አገር ሰው በስድስት ይለያል። ደቂቃው ግን አንድ ነው፤ በግሪኒች ሰዓት ከቀትር 20 ደቂቃ ሲያልፍ፥ በአዲስ አበባም በካማሺም ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል።