የባቄላው ዘበኛ

ዛሬ ባለ አራት ፎቅ ቤት የቆመበት ቦታ በልጅነቴ የአያቴ የባቄላ ማሳ ነበር። አዲስ አበባ ዳር፣ ፉሪ ተራራ ግርጌ ነው። አያቴን "አኮ" ነበር የምንላት። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ለአረም እንወርዳለን፤ እኔ ግን ዓይኔ ከጉንዳኖቹ አይነቀልም። የባቄላ ቅጠል ከግንዱ በሚጋጠምበት ቦታ ጉትቻ የመሰለች ትንሽ ቅጠል አለች፤ በጀርባዋ ጥቁር ነጥብ ይታያል። ጉንዳኖቹ እዚያች ነጥብ ላይ ተደፍተው ሲልሱ ላራግፋቸው እጄን ስዘረጋ፣ አኮ "ተዋቸው፤ እነሱም ውለው ነው የሚበሉት" አለችኝ።

ነገሩ የገባኝ የባዮሎጂ መምህር ከሆንኩ በኋላ ነው። ነጥቧ ጣፋጭ ውሃ ታመነጫለች፤ የጉንዳኑ ደሞዝ ነው። ጉንዳኑም በፈንታው ቅጠል የሚበላውን ትል ያባርራል። ባቄላው ቅጠሉ ሲቆረጥበት ነጥቦቹን ያበዛል፤ ጥቃት ሲጸና ዘበኛ ይጨምራል ማለት ነው። ብሳናም በቅጠሉ ሥር እንዲህ ያሉ ሁለት እጢዎች አሉት። የአኮ ማሳ አጥር ብሳና፣ ቀጋና አጋም ነበር፤ ባቄላውም ከአተር ጋር ተደባልቆ ነው የሚዘራው። ትሉም፣ ትል የሚበላውም፣ ጉንዳኑም እዚያው ይውላሉ።

ይህ ድብልቅ መሳሳት የጀመረው ከአኮ በፊት ነው። አዲስ አበባ ተቆርቁራ ብዙ ሳትቆይ የዙሪያዋ ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት አለቀ፤ ምኒልክም በእንጨት እጦት ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ከተማዋን አቆማት። ፉሪ ተራራም ባሕር ዛፍ ለበሰ። በእኛም ቤት አባቴ የአኮን አጥር መንጥሮ በድንበሩ ባሕር ዛፍ ተከለ፤ የእኔ ደብተር የተገዛው ከዚያ ሽያጭ ነው፤ ስለዚህ ልወቅሰው አልችልም። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር ፉሪ ለቡ ላይ ሲመረቅ ደግሞ የቀረውም ማሳ ቤት እየሆነ ነበር።

አጥሩና ማሳው ምን ያገናኛቸዋል ለሚል፣ ከኬንያ ላይኪፒያ የመጣ ማስረጃ አለ። እዚያ በእሾሁ እብጠት ውስጥ ጉንዳን የሚያኖር ግራር ይበቅላል። ተመራማሪዎች ዝሆንና ቀጭኔ እንዳይደርሱበት ለአሥር ዓመት አጠሩት፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ። ጠላቱ የራቀለት ዛፍ ይፋፋል ብሎ የማይጠብቅ ማን አለ? ግራሩ ግን ደሞዙንም ማደሪያውንም ቀነሰ። ጠባቂዎቹ ተዳከሙ፤ ከፊሎቹ የዛፉን ጭማቂ የሚመጥጡትን ነፍሳት ማርባት ያዙ። ዛፉን የማይጠብቁ ሌሎች ጉንዳኖችም ቦታውን ወረሱ፤ ግንድ የሚሰረስር ጥንዚዛ በዛ፤ ዛፎቹ ከሱ፣ ሞቱም። ውሉን አጽንተው ያቆሙት ዛፉና ጉንዳኑ ብቻ አልነበሩም፤ የሚግጠው ዝሆንም ነበረበት።

ባለፈው ክረምት ከግቢዬ የውሃ ታንከር አጠገብ ሁለት መስመር ባቄላ ዘራሁ። ዙሪያው ብሎኬትና ሲሚንቶ ነው። ጉንዳኖቹ ሳይጠሩ መጡ፤ ጥቁሯን ነጥብ ግን ቀመስ አድርገው አለፉ። ወደ ጫፉ ስከተላቸው ለጋው በክሽክሽ ጠቁሯል። ክሽክሹ የሚያንጠባጥበውን ጣፋጭ እየላሱ እሱን ይጠብቁ ነበር። አኮ እውነቷን ነው፤ ውለው ነው የሚበሉት። የዋሉት ግን ለባቄላው አልነበረም።