የተራ ወታደር ሥዕል

የቀድሞው የምድር ባቡር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆና በከተማችን በአዳማ አልፎ፣ አዋሽንም ተሻግሮ ወደ ድሬዳዋ ይወርድ ነበር። በዚያ ሐዲድ ላይ ስለ ተመላለሱት መኳንንትና ነጋዴዎች ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን በዚህ የበዓል መጽሐፋችን ለክቡራን አንባቢዎች ላቀርብ የፈለግሁት በድሬዳዋ በምርኮኞች ሰፈር ስለ ኖረ አንድ የጣልያን ልጅ ነው፤ ይኸውም ኋላ በዓለም የታወቀው የጦርነት ታሪክ ሠዓሊ ሁጎ ፕራት ነው። የውጭ አገሩን ነገር በአውሮፓውያን ዘመን እቈጥራለሁ።

ፕራት በ1927 ተወልዶ በቬኒስ አደገ። አባቱ የፋሽስት መንግሥት ወታደር ስለ ነበረ፣ ልጁ በ1937 ወደ ኢትዮጵያ መጣ። የአዲስ አበባ ሕዝብ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የተጨፈጨፈው በዚያው ዓመት ነው። እንግዲህ የመጣው በእንግድነት ሳይሆን በወራሪ ልጅነት ነው፤ ገና በልጅነቱም አባቱ የቅኝ ግዛት ፖሊስ ልብስ አለበሰው። በ1941 አርበኞቻችንና የእንግሊዝ ጦር ጣልያንን ድል በነሡ ጊዜ አባቱ ተማርኮ በማግሥቱ ዓመት ሞተ። እናትና ልጅም በድሬዳዋ ሰፈር ታስረው ከቆዩ በኋላ በ1943 ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከጦርነቱ በኋላ ፕራት ወደ አርጀንቲና ሄዶ ሄክቶር ኦስተርሄልድ ከሚባል ደራሲ ጋር ሠራ። ሁለቱም በ1957 «ኤርኒ ፓይክ» የተባለውን የሥዕል ታሪክ አወጡ፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ይስላል። ገጹ በትንንሽ አራት ማዕዘን ይከፈላል፤ የሰዎቹም ንግግር ከአፋቸው እንደ ወጣ ጢስ ከራሳቸው በላይ ተከብቦ ይጻፋል። የስሙ መነሻ ኤርኒ ፓይል የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ነው። ይህ ሰው የጄኔራሎችን ዕቅድ ለሌሎች ትቶ የእግረኛውን ወታደር ኑሮ ሲጽፍ ኖሮ በ1945 በአንዲት የጃፓን ደሴት ላይ በጥይት ሞተ። በሥዕሉ ውስጥ ያለው ፓይክም ተመልክቶ የሚተርክ እንጂ ጀግና አይደለም፤ ባለታሪኮቹም የአንድ ወገን ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ጀርመኑም ጃፓኑም ሰው ሆኖ ይታያል። ፕራት የፓይክን መልክ የሳለው የኦስተርሄልድን ፊት አስመስሎ ነው። ያንን ፊት የተሸከመው ደራሲ በ1977 በአርጀንቲና ወታደራዊ መንግሥት ሰዎች ተይዞ ጠፋ፤ አራት ሴቶች ልጆቹም አልተረፉም።

በአሜሪካም ሃርቪ ኩርትዝማን በኮሪያ ጦርነት ጊዜ እንዲሁ ያለ ሥራ ሠርቷል። በ1952 ባወጣው አንድ ታሪክ፣ በኢምጂን ወንዝ ዳር ሁለት የማይተዋወቁ ወታደሮች በእጅ ተያይዘው አንዱ ሌላውን ውኃ ውስጥ ደፍቆ ይገድለዋል። ድል አድራጊው ሲፎክር አይታይም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ታሪክን በሣጥን ከፋፍሎ መሳል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ የንግሥተ ሳባ ታሪክ በ44 ክፍል ሲሳል ኖሯል። እነ በላቸው ይመርን የመሰሉ ሠዓሊዎችም የዐድዋን ጦርነት ስለዋል። በነዚህ ሥዕሎች ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ከላይ ይታያል፤ ኢትዮጵያዊው ሁለት ዓይን ሲኖረው ጠላት በጎን ስለሚሳል አንድ ዓይን ብቻ አለው። (በልጅነቴ ጣልያኖች ሁሉ ዓይናቸው የጠፋ ይመስለኝ ነበር።) ነገር ግን ስም የሚጻፈው በንጉሡና በመኳንንቱ አጠገብ ነው፤ ጋሻ ይዞ ረድፍ የሞላው ጭፍራ ሁሉም አንድ መልክ አለው፣ ስምም የለውም። በእኔ አስተያየት የእኛ ሠዓሊዎች ለወገናቸው ክብር ሰጥተዋል፤ ፕራት ደግሞ ለጠላትም ሁለተኛውን ዓይን ሰጠው። ያም ሆኖ የፕራት ሥራ ቅር የሚያሰኝ ነገር አለው። ኩሽ የሚባለውን የአፋር ጦረኛ በዓለም ያስተዋወቀው እርሱ ነው፤ ሆኖም ያ ጦረኛ የሚናገረው ጣልያናዊው በሰጠው አፍ ነው።

ኩርትዝማን ስለ ኮሪያ ሲስል የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን ከ1951 ጀምሮ በዚያው ግንባር ይዋጉ ነበር። ከ120 በላይ ሞቱ፤ አንድም ሰው በጠላት እጅ አልተማረከም። የነሱን ታሪክ በሣጥን ከፋፍሎ፣ የእያንዳንዱን ወታደር ስም ከራሱ በላይ ጽፎ የሳለ ያገር ልጅ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።