ቅጠልና ላምባ

ኮልፌ ስናድግ እንጀራ የሚጋገርበትን ቀን የምናውቀው በጭሱ ነበር። አክስቴ ምጣዱ እስኪሰማ ድረስ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ትማግዳለች። ማታ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኩራዝ ትለኩሳለች።

ባለፈው ልጇ፣ የሚኒባስ ሹፌር ነው፣ ቡና ላይ እንዲህ አለኝ፦ «ተፈጥሮ ራሷ የምታስወጣው ካርቦን ሰው ከሚያስወጣው ሃያ እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ ምን ያንጫጫናል?»

ቁጥሩስ ልክ ነው። መልሱ ግን እዚያው እናቱ ማድቤት ውስጥ አለ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ እያደገች ስትሄድ በዙሪያዋ የነበረው የጽድና የወይራ ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተመነጠረ። ምኒልክ መዲናቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ካተረፏት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ነው፤ ስሙም ይህንኑ ይናገራል። ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። አክስቴ ያነደደችው ቅጠል ካርቦኑን የሳበው ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዚሁ አየር ነው። ጭሱ መለሰው፣ አዲሱ ቅጠል እንደገና ይስበዋል። ዕፅዋት፣ አፈርና ውቅያኖስ በየዓመቱ 200 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ያስወጣሉ፣ ያንኑ ያህልም ይወስዳሉ። የአክስቴ ልጅ የቆጠረው የሚወጣውን ብቻ ነው።

(ጽዱ ግን አልተመለሰም። ሳይተካ የተመነጠረ ደን ዕዳው ያው የሰው ነው። ቅጠሉም ቢሆን የአክስቴን ዓይን አልማረም።)

ኩራዙ ሌላ ነው። ላምባው ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ከተቀበሩ ደቃቅ የባሕር ፍጥረታት የመጣ ነው፤ የወጣውን በእኛ ዕድሜ መልሶ የሚቀብርልን የለም። ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ በየዓመቱ 10 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን እንጨምራለን። ግማሽ ያህሉን ዕፅዋትና ባሕር ይወስዱልናል፣ የቀረው አየር ላይ ይከማቻል። ከፋብሪካው ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 አልፏል።

ይህ ጭማሪ ከየት እንደመጣ የመሰከሩት ዛፎች ናቸው። በሕይወት ያለ ነገር ሁሉ ጥቂት ካርቦን 14 አለው፤ ነዳጅ ውስጥ ግን አርጅቶ አልቋል። ሐንስ ሱስ የተባለ ኬሚስት በ1955 እ.ኤ.አ. የዛፍ ቀለበቶችን መርምሮ በቅርብ ጊዜ የበቀለው እንጨት ካርቦን 14 ከሚጠበቀው ያነሰ መሆኑን አሳየ። አሮጌው ካርቦን አየሩን እንደ በረካ አቅጥኖታል ማለት ነው።

ይህን ስነግረው ሲኒውን አስቀመጠ። «የኔ ናፍጣስ ከየትኛው ወገን ነው?»

«ከኩራዙ» አልኩት። እናቱ ሳቀች።