የፊላደልፊያ እድርተኞችና የሒሳብ መዝገባቸው



የአሜሪካ ታሪክ ሲወሳ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ፕሬዚዳንቶቹ፣ ስለ ሕገ መንግሥቱና ስለ ሳይንሱ ነው። እኛ ግን ሦስቱንም የሚነካ፣ ለእድርተኛ ጆሮ የሚቀርብ አንድ ታሪክ መርጠናል። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1787 በፊላደልፊያ ከተማ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ተረቀቀ። ይኸው ሕግ ለምክር ቤት መቀመጫ ሕዝብ ሲቆጠር ከባሮቹ ቁጥር ከአምስት እጅ ሦስቱን ብቻ የሚይዝ ነበር። በዚያው ዓመት፣ በዚያችው ከተማ፣ በባርነት ተወልደው ነፃ የወጡት አብሳሎም ጆንስና ሪቻርድ አለን ከጓደኞቻቸው ጋር «ነፃ የአፍሪካውያን ማኅበር» የተባለ መረዳጃ አቋቋሙ። ደንቡን ያነበበ ሰው የራሱን እድር ደንብ ያነበበ ነው የሚመስለው። አባል በወር 1 ሽልንግ ያዋጣል፤ 3 ወር ያልከፈለ፣ ተነግሮት እንቢ ካለ ይሰረዛል፤ አንድ ዓመት የከፈለ ሲቸገር በሳምንት 3 ሽልንግ ከ9 ፔንስ ይሰጠዋል፤ ባልዋ የሞተባትም ትረዳለች። ሰካራም ግን አይገባም!

በ1793 የበጋ ወራት መጨረሻ ላይ በከተማይቱ ቢጫ ወባ ገባ። ከ50,000 ያህል ነዋሪ ወደ 5,000 የሚጠጋው አለቀ። ፊላደልፊያ በጊዜው ዋና ከተማ ብትሆንም ፕሬዚዳንት ዋሽንግተንም ብዙዎቹ ሹማምንትም ወጡ፤ አቅም ያለው ሁሉ ሸሸ፤ ሬሳ የሚያነሣ ጠፋ። ታዋቂው ሐኪም ቤንጃሚን ረሽ «ጥቁር ሰው በዚህ በሽታ አይያዝም» ብሎ ስለገመተ ማኅበርተኞቹን ለእርዳታ ጠራ። እነሱም ከከንቲባው ከማቲው ክላርክሰን ዘንድ ቀርበው እሺ አሉ፤ አስታመሙ፣ ሣጥን ገዙ፣ የማያውቁትን ሰው ቀበሩ።

ታዲያ የሐኪሙ ግምት ስሕተት ነበር። በ1792 ከጥቁሮቹ የተቀበሩት 67 ሲሆኑ በ1793 ግን 305 ደረሱ። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆንዋን የኩባው ሐኪም ካርሎስ ፊንሌይ በ1881 አመለከተ፤ በዋልተር ሪድ የሚመሩት የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች በ1900 አረጋገጡ። ትንኝ ደግሞ የሰው ቀለም አትመርጥም።

በሽታው ሲበርድ ምስጋና ሲጠበቅ ሐሜት መጣ። ማቲው ኬሪ የተባለ አሳታሚ አንዳንድ ጥቁሮች በበሽተኛ ላይ ዋጋ አስወደዱ፣ ዘረፉም ብሎ ጻፈ። ጆንስና አለን በ1794 በታተመ ጽሑፍ መልስ ሰጡ። ዋጋውን ያስወደዱት አስታማሚ ለማግኘት የተሻሙት ሰዎች ራሳቸው መሆናቸውን ካስረዱ በኋላ ሒሳቡን ዘረዘሩ፦ ከቀብር ሥራ የገባ 233 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ከ4 ፔንስ፤ ላልተከፈለባቸው ሣጥኖች የወጣ 33 ፓውንድ፤ ለ5 ቅጥር ሠራተኞች 378 ፓውንድ። ከኪሳቸው የጎደለው 177 ፓውንድ ከ9 ሽልንግ ከ8 ፔንስ ሆነ። ደምሮ ቀንሶ ለሚያየው ልክ ነው። ከንቲባውም ስለ ሥራቸው በጽሑፍ መሰከረላቸው።

እንግዲህ ምን እንላለን? ሕገ መንግሥቱ በጉባኤው ያላስቀመጣቸው ሰዎች የራሳቸውን ደንብ አወጡ፤ በደንባቸው ያልተጻፈውን የባዕድ ሬሳ አነሡ፤ ስማቸው ሲጠፋ ደግሞ ያዳናቸው መዝገባቸው ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? እኛ ግን በጠቅላላ ጉባኤ ገንዘብ ያዡ ሒሳብ ሲያነብ እናዛጋለን፤ ግማሻችንም ወጥተን ደጅ እንቆማለን። ሒሳቡ ውስጥ ያለው የሬሳ ሣጥን፣ የድንኳንና የለቀስተኛ ወጪ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ስም ነው። በመጪው ጉባኤ ተቀምጠን እንስማው።