ባቡሩ ለምን ዶራቪል ላይ አለቀ?

ዛሬም መሪ ጨብጬ የሰማሁትን ይዤ መጥቻለሁ። ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ማታ አንዲት የማውቃት ልጅ ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ እናቴ ዶራቪል መውረድ ሲገባት ተሳስታ ብሩክሄቨን ጣቢያ ወርዳለች። እባክህ ሊልበርን ቤት አድርስልኝ» አለችኝ። እኔም እዚያው ብሩክሄቨን ስለምኖር በአምስት ደቂቃ ደረስኩ። እናትየው ነጠላቸውን ተከናንበው ከጣቢያው በር አጠገብ ቆመዋል።

«እንደምን አመሹ እናቴ?» ስላቸው፣ «አንቺ በለኝ እንጂ! እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፣ አንቱታ አላውቅም» አሉኝ። ሳቅኩ፤ አፌ ግን እሺ አላለኝም።

ከባቡር ጣቢያ የማነሳውን ሰው ሁሉ «ጣቢያውን እንዴት አገኙት?» ብሎ መጠየቅ ልማዴ ነው። እሳቸውንም ጠየቅኋቸው። «ጽዱ ነው። ግን ምን ያደርጋል፣ ጭር ያለ ነው። ሻይ የሚሸጥ የለ፣ ብርቱካን የሚያዞር የለ፣ ዘመድ የሚቀበል የለ። እኛ ጋ እኮ ባቡር ሲገባ ሠርግ ነበር» አሉኝ።

አውራ ጎዳናው ላይ ወጥተን ዶራቪልን እንዳለፍን ወደ ኋላ ዞረው አዩና እንዲህ አሉ፦ «ባቡሩ የሚያልቀው እዚህ ነው አይደል? ለምን እኛ ሰፈር ድረስ አይመጣም? ተራራ አለ እንዴ?»

ተራራ የለም። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን ያን ማታ አልመለስኩላቸውም። ለምን እንዳልመለስኩ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጣቢያዎቹ ላውራችሁ። የአትላንታ ባቡር ስሙ ማርታ ነው። አዲስ የመጣ አበሻ ሁሉ «ማርታ ማናት?» ብሎ ይስቃል። እኔም «እንደ መጽሐፍ ቅዱሷ ማርታ ናት፤ ስትላላክ ትውላለች እንጂ የሚያመሰግናት የለም» እላለሁ።

ተሳፋሪዎቼ ስለ ጣቢያዎቿ የሚሉት ለየቅል ነው። መሀል ከተማ ያለው ፒችትሪ ሴንተር በ1982 ሲከፈት ከምድር በታች 36 ሜትር ገደማ አለት እየተፈነዳ ነው የተሠራው። ግድግዳውን አልለሰኑትም፤ አለቱ እንዳፈጠጠ ነው። ለስብሰባ የመጣ ፈረንጅ «ዋሻ ይመስላል» ይለኛል። አንድ የላስታ ሰው ግን «ወንድሜ፣ እነዚህም ውቅር ያውቃሉ እንዴ? ላሊበላ የገባሁ መሰለኝ» ብሎኛል። አንዱ አለት ለአንዱ ዋሻ፣ ለሌላው ቤተ መቅደስ ሆነ ማለት ነው።

መስመሮቹ ሁሉ የሚገናኙበት ፋይቭ ፖይንትስ በታኅሣሥ 1979 ተከፈተ። ለእሱ ሲባል የፈረሰ አንድ የድሮ ልብስ መደብር የፊት ግድግዳው ተነቅሎ ጣቢያው ውስጥ ተተክሏል። የከተማ ዳር ሰዎች «እዚያ መውረድ ያስፈራል» ይሉኛል። አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ደግሞ ሌላ ነገር ነገሩኝ። በልጅነታቸው እዚያው አካባቢ ተርሚናል ስቴሽን የሚባል ባለ ግርማ ሞገስ ባቡር ጣቢያ ነበር፤ በ1905 ተከፍቶ በ1972 የፈረሰ። የነጩ መጠበቂያ ክፍል ሌላ፣ የጥቁሩ ሌላ ነበር። «ሰው ሁሉ ያ ውብ ጣቢያ ፈረሰ ብሎ ያዝናል፤ እኔ ግን ፋይቭ ፖይንትስን እመርጣለሁ። አስቀያሚም ቢሆን በፈለግሁት በር እገባለሁ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጀምረው።

ማርታ በ1965 በጆርጂያ ሕግ ስትቋቋም የታሰበችው ለአምስት ካውንቲዎች ነበር፦ ለፉልተን፣ ለዲካልብ፣ ለክሌተን፣ ለግዊኔትና ለኮብ። ኮብ ገና ከጅምሩ በድምፅ ወጣ። ኅዳር 1971 ላይ ለባቡሩ ገንዘብ ከሽያጭ አንድ ሳንቲም ግብር ይከፈል ወይ ተብሎ ሕዝቡ ተጠየቀ። ዲካልብ እሺ አለ። ፉልተን ከ500 ባነሰ የድምፅ ብልጫ፣ ለጥቂት፣ እሺ አለ። ክሌተንና ግዊኔት በሰፊ ልዩነት እምቢ አሉ።

ለምን? ግብር ጠልቶ እምቢ ያለ አለ። ነገር ግን ዘመኑን አስቡት፤ ትምህርት ቤቶች ሲቀላቀሉ ነጩ ከተማውን ለቆ ወደ ዳር እየሸሸ የነበረበት ጊዜ ነው። ባቡሩ ጥቁሩን ተከትሎ ያመጣብናል የሚለው ፍርሃት በሹክሹክታ ብቻ የሚወራ አልነበረም። የማርታን የእንግሊዝኛ ምህፃረ ቃል ወስደው «አፍሪካውያንን በአትላንታ በፍጥነት ማመላለሻ» የሚል ስድብ ሠሩበት። እኔ ራሴ ይህን ቀልድ አንድ ተሳፋሪ ኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ሲናገር ሰምቻለሁ፤ የሚነዳው አፍሪካዊ መሆኑ ትዝ አላለውም።

እሺ ያሉትም ቢሆኑ እኩል አላገኙም። የጥቁሮችን ድምፅ ለማግኘት ሁለት ቃል ተገብቶ ነበር። አንደኛው ዋጋው 15 ሳንቲም ይሆናል የሚል ነው፤ በ1972 ከ40 ወደ 15 ሳንቲም ወርዶ ተፈጸመ። ሁለተኛው ባቡሩ ፔሪ ሆምስ እስከሚባለው የድሆች የመንግሥት መኖሪያ ድረስ ይሄዳል የሚል ነበር። ያ መስመር በ1992 ባንክሄድ ላይ ቆመ፤ ፔሪ ሆምስ ሳይደርስ ቀረ። የባንክሄድ ጣቢያም ሲሠራ ሁለት ፉርጎ ብቻ እንዲያስቆም ተደርጎ ነው። ጣቢያ ሲያጥር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባንክሄድ ሂዱና እዩ።

የእኛ የብሩክሄቨን ጣቢያ በታኅሣሥ 1984 ተከፈተ፤ ብሩክሄቨን ራሷ ከተማ የሆነችው ከ28 ዓመት በኋላ በ2012 ነው። በዚሁ መስመር ዶራቪል በ1992 መጨረሻ ላይ ተከፈተና የካውንቲው ድንበር አፍንጫ ሥር ሲደርስ ባቡሩ ቆመ። በ2009 መስመሮቹ የቀለም ስም ሲሰጣቸው ወደ ዶራቪል የሚሄደው «ቢጫ» ተባለ። ዶራቪል ደግሞ የእስያውያን መንደር ነው፤ ቢጫ የሚለው ቃል እነሱን ሲሰድቡበት የኖረ ነው። ተቃወሙ፤ በ2010 «ወርቃማ» ተባለ። ጥቂት ሰዎች አፍ አውጥተው ከተናገሩ ነገር እንደሚለወጥ ከዚህ ተማርኩ።

አሁን ወደ ድሬዋ እናት ልመለስ። «ተራራ አለ እንዴ?» ያሉት ዝም ብለው አይደለም። የድሬ ሰው የባቡርን ታሪክ ከእናቱ ጡት ጋር ነው የሚጠባው። ምኒልክ በ1894 ለኢልግና ለሸፍኔ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ የታሰበው ወደ ሐረር ነበር። ተራራው ከበደና በ1902 እታች ሜዳው ላይ ቆመ። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችው ያች ሜዳ ድሬዳዋ ሆነች። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። እስከዚያ ድረስ ድሬ የባቡሩ ማለቂያ ሆና ነጋዴውም፣ ግሪኩም፣ ዐረቡም፣ ሕንዱም ተሰበሰበባት። ጥንታዊቷ ሐረር ከላይ ሆና የጣቢያዋ ልጅ ስታድግ አየች። ድሬን የወለዳት ሸመንደፈር ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ዛሬ በ2016 የተመረቀው አዲሱ የጂቡቲ ባቡር ጣቢያውን ከከተማ ወጣ አድርጎ ነው የሠራው፤ አዲስ አበባም ለገሀር መሀል ከተማ ቀርቶ ለቡ ድረስ መሄድ ነው። የድሬዋ እናት «ጣቢያ ከሰው ከራቀ ምኑን ጣቢያ ሆነ?» ይላሉ።

እንግዲህ ሐረርን የከለከላት ተራራ ነው። ግዊኔትን የከለከላት ሰው ነው። ልዩነቱ ይሄ ነው።

ሰው ስል ደግሞ የ1971ዱን ነጭ ብቻ ማለቴ አይደለም። ንስሐዬ ይኸውላችሁ።

ግዊኔት በ1990 እንደገና ተጠይቃ እምቢ አለች። ክሌተን ሐሳቧን ቀይራ በ2014 ማርታን ተቀላቀለች፤ ከዚያ በፊት በ2010 የራሷ አውቶቡስ ተቋርጦ ሕዝቡ ያለ አውቶቡስ መኖርን ስላየው ነው። ግዊኔት ለሦስተኛ ጊዜ መጋቢት 2019 ተጠየቀች። በዚያን ጊዜ ካውንቲው የድሮው አልነበረም፤ እኛም፣ ኮሪያውም፣ ላቲኖውም፣ ጥቁሩም ሞልተንበታል። ዕቅዱ ባቡሩን ከዶራቪል አሳልፎ ጂሚ ካርተር ጎዳና አካባቢ ድረስ ማምጣት ነበር።

እኔ ያኔ የምኖረው ግዊኔት ነው። ዜግነት ካገኘሁ ጥቂት ዓመት ሆኖኛል። ድምፅ መስጫው ማሽን ፊት ቆሜ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከኤርፖርት ግዊኔት የሚሄድ ሰው ለእኔ እንጀራ ነው። ማርታ ኤርፖርቱ ውስጥ ድረስ ትገባለች። ባቡሩ ሰፈራችን ከመጣ ማን ታክሲ ይይዛል? «አይ» የሚለውን ነካሁና ወጣሁ።

ሐሳቡ ወደቀ። የእኔ አንድ ድምፅ አልጣለውም፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ያን ቀን ጣቴ ያረፈው በ1971 እኔን የመሰለ ሰው እንዳይመጣባቸው የፈሩት ሰዎች ያረፉበት ቦታ ላይ ነው። ምክንያታችን ለየቅል፣ መልሳችን አንድ። በ2024 ግዊኔትም ኮብም እንደገና ስለ መጓጓዣ ተጠየቁ፤ ሁለቱም እምቢ አሉ። እኔ ወደ ብሩክሄቨን፣ ወደ ዲካልብ፣ ተዛውሬ ስለነበር የምናገርበት ድምፅ አልነበረኝም። የእኔን ዕድል በ2019 ጨርሼዋለሁ።

ሊልበርን ደረስን። እናታችን ሲወርዱ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፤ አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር» ብለው መረቁኝ። ቤት ሳልገባ ልጅቷ የታክሲውን ሒሳብ በስልኬ ላከችልኝ። ገንዘቡን ሳየው አፈርኩ። ያ ገንዘብ እኮ ያን ቀን «አይ» ብዬ የተከላከልኩት እንጀራ ነው፤ የከፈሉትም ማታ መንገድ ላይ የቀሩ የሀገሬ እናት ናቸው።

ታክሲ ነጂ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፦ ባቡር ይምጣ ማለት ለእኛ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የቤት ኪራይ አለብን፣ ሀገር ቤት የሚጠብቀን አለ። ብቻ ቀጣዩ ጥያቄ ሲመጣ፣ መምጣቱ አይቀርም፣ ማሽኑ ፊት ስትቆሙ ኤርፖርቱን ብቻ አታስቡ። ነጠላዋን ተከናንባ ያልታወቀ ጣቢያ በር ላይ የቆመችውንም እናት አስቡ።

እኔ በመጪው እሑድ እሳቸው ቤት ቡና ተጠርቻለሁ። መልሱን ይዤ እሄዳለሁ፤ «ተራራ የለም እናቴ፣ አንዱ እኔ ነኝ» እላቸዋለሁ።

እስቲ እናንተም የምትኖሩበትን ከተማ ጣቢያ ጻፉልኝ፤ ባቡሩ የት ላይ ያልቃል? ለምንስ እዚያ አለቀ?

መልካም ሰንበት።